ቆላውን ማን ይለካዋል?

በበጋው መጨረሻ የስድስት ኪሎ ግቢ ወሬ በየዓመቱ አንድ ነው፤ «ዘንድሮስ ሙቀቱ በዛ» እንባባላለን። ይህን የምንለው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ሆነ የቆላ ልጆች ቢስቁብን አይፈረድባቸውም። ዳሩ ግን ልንጽፍ የተነሣነው ስለ ራሳችን ምቾት አይደለም። የአገራችን ሙቀት ለውጥ በምን እንደሚለካ፣ ልኬቱም ለማን እንደሚደርስ ለመጠየቅ ነው።

ዳሎልን ሁላችንም በጂኦግራፊ ትምህርት እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ማዕድን ፈላጊዎች በዚያ ሰፍረው ሳሉ በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሰው ከኖረባቸው ሥፍራዎች ሁሉ የዓለም አንደኛ ተባለች። እኛም እስከ ዛሬ በዚህ እንኮራለን፤ ምኑ እንደሚያኮራ ግን አንድም ሰው አላስረዳንም። መዝገቡ የ6 ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ስድስት ዓመት ዳሎል ምን ያህል እንደምትሞቅ ይነግረናል እንጂ ሙቀቱ ጨምሮ እንደ ሆነ ወይም ባለበት እንደ ቆመ አይነግረንም። የአየር ጠባይ ሊቃውንት የአንድን ሥፍራ ልማድ ለማወቅ የ30 ዓመት ያህል ልኬት ይሻሉ።

ክትትሉ በተቻለበት የታየው ውጤት ቀላል አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ስለ አገራችን የወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ከፍ ማለቱን ያመለክታል። እስከ 2003 ባለው ጊዜ ውስጥ «ሞቃት» የተባሉት ቀናት በዓመት በ73 ሲጨምሩ፣ ሞቃት ሌሊቶች ግን በ137 ጨመሩ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። የሌሊቱ ጭማሪ የቀኑን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው! ሙቀት ሲባል ሁላችንም ቀትሩን እናስባለን፤ ሰውነትን የሚጨርሰው ግን ዕረፍት የሌለው ሌሊት ነው። ቀን የጋለ ገላ ሌሊት ካልበረደ፣ ልብ ሲደክም ያድርና ማግስቱን በድካም ይጀምራል። በሑመራ ሰሊጥ ሲያጭድ ውሎ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜም የደጋ ሰው ነው፤ ገላው ለዚያ አገር አልተለማመደም።

በዚያው ጥናት «ሞቃት» የሚለው ቃል ለአገሩ ሁሉ አንድ ቁጥር አይደለም። በየአካባቢውና በየወቅቱ ከ100 ቀናት 10 ያህሉ ብቻ የሚያልፉት ልክ ነው። ተገቢም ነው፤ 33 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ጉድ ነው፣ ለጋምቤላ ግን ደኅና ቀን ነው። ሕንዶች በሜዳው 40፣ በባሕር ዳርቻ 37፣ በተራራው 30 ዲግሪ ሳይደርስ የሙቀት ማዕበል አይሉትም። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለን አገራችንን በሙቀት ከፍለን የኖርን እኛ ግን የየከተማውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዲግሪ ሰምተን ዝም እንላለን። ያ ቁጥር ለዚያ ሥፍራና ለዚያ ወር የወትሮው ይሁን ከወትሮው የወጣ፣ አድማጩ በምን ይወቀው?

ጣቢያዎቹም የሚበዙት በደጋውና በአውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ በቆላው ይሳሳሉ። በጦርነቱ ዓመታት ብዙ መዝገብ ተቋርጧል። የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆኖ የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር በማዋሐድ ክፍተቱን ለመሙላት መሥራቱ ያስመሰግነዋል። ሳተላይት ግን በአፋር ጎጆ ውስጥ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ እንዳደረ አያነብልንም።

ከሁሉ የከፋው የሟቹ ነገር ነው። ድርቅ ከብት ሲጥል አገር ይሰማል፤ ሙቀት ሽማግሌ ሲጥል ግን «ልቡ ደከመ» ይባላል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ሙቀት 15,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ የታወቀው፣ ሐኪሞች በእያንዳንዱ ሬሳ ላይ «ሙቀት» ብለው ስለ ጻፉ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የሞተው ሰው ቁጥር ከሌሎች ዓመታት ጋር ስለ ተነጻጸረ ነው። የሞት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በሆነበት፣ በገጠርም ብዙ ሞት ሳይጻፍ በሚያልፍበት አገር ምን ከምን ይነጻጸራል? ከጋምቤላ ማዶ ያለችው ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች፤ በ2025ም ደገመችው። በወዲያኛው ወገን ልጆችን ከክፍል ያስወጣ ሙቀት በወዲህኛው ወገን ሊራራ አይችልም።

ስለዚህ በበኩላችን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የሜትዎሮሎጂው መሥሪያ ቤት ትንበያውን ሲያሰማ ከዲግሪው ጋር የዚያን ሥፍራና የዚያን ወር ልማድ አብሮ ይንገረን፤ ሌሊቱንም አይርሳ። ሁለተኛው ለእኛው ለተማሪዎች ነው፤ በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋና በቀብሪ ደሃር ዩኒቨርሲቲዎች ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች። የየሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት በየማለዳው ማንበብ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ መለኪያው ፀሐይ በማያገኘውና ነፋስ በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ ይሰቀል፤ ንባቡ በእረፍት ወራትም ሳይቋረጥ ከተመራቂው ወደ ተተኪው በፊርማ ይተላለፍ። በአጠገቡም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው የመጣው በሽተኛ ቁጥር፣ ስሙ ሳይነሣ፣ ይጻፍ።