ሰባት ቤት ቆጥረናል፤ ምርመራውስ?

እዚህ ዌስት ፉትስክሬይም ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት የሚቆጥር ዘመድ አይጠፋም። ደግ ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ድብቅ ጂን የመሸከም ዕድላቸው ሰፊ ነው። ባዕዳን ሲጋቡ ግን ቆጠራው አያድንም።

በ1910 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሞርጋን ነጭ ዓይን ያለው የፍራፍሬ ዝንብ ከቀይ ዓይኗ ጋር አዳቀለ። ልጆቹ ከጥቂቶች በቀር ቀይ ዓይን ሆኑ፤ ነጩ በልጅ ልጆች ተመልሶ ብቅ አለ። (እኛ የሶፍትዌር ሰዎች እንዲህ ያለ ባግ እናውቃለን።) ሰውም ላይ አለ፦ አንድ ዓይነት ድብቅ ጂን የተሸከሙ ሁለት ጤነኞች ከወለዱ፣ እያንዳንዱ ልጅ 25 በመቶ የመታመም ዕድል ይኖረዋል።

ሜዲኬር ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለሦስት በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች የተሸካሚነት ምርመራ ይከፍላል። ለአዳራሽና ለቪዲዮ ወር ሙሉ የምንሯሯጥ ሰዎች አንድ ቀን ጂፒ ጋ ብንሄድ ምን ይለናል? ከእርግዝና በፊት ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ ለመመካከር ጊዜ ይገኛል።