ቤንዚንና የእሁድ ቡና

ባለፈው እሁድ መኪናዬን ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ገና ቁልፍ ስጨብጥ ባለቤቴ የከሰል ምድጃዋን ይዛ ብቅ አለች። ቡናውን በረንዳ ላይ ልትቆላ ነው። በረንዳው ከመኪናው ቢርቅ አምስት እርምጃ ነው።

«የነዳጅ ፊልትሮ ልቀይር ነው፤ ዛሬ ቡናው ሳሎን ይሁን» አልኳት።

«በከሰል ጭስ ልታፍነን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ገዳይ ነው። ስለዚህ እኔ ጠበቅኩ። ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ ከሰሉ ውሃ ተደፍቶበት፣ የዕጣን ማጨሻው ሳይቀር ከግቢ ከወጣ በኋላ ነው የጀመርኩት።

ብዙ ሰው ቤንዚን አደገኛ የሚሆነው ፈሳሹ እሳት ሲነካው ብቻ ይመስለዋል። የሚቀጣጠለው ግን ትነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ሄዶ ምድጃውን ያገኘዋል። ሲጋራም፣ የሚግል አምፖልም ያው ነው። ብርሃን ካስፈለገ የባትሪ መብራት ይበቃል፤ እሱንም ሥራው ሳይጀመር አብርቶ ማስቀመጥ ነው።

የእኔ መኪና በ1990ዎቹ (በፈረንጆች) የተሠራች ኮሮላ ናት። ዳገት ላይ ትለግም ጀመር፤ ሜዳ ላይ ደህና፣ ነዳጅ ስትጫን ግን ትቆራርጣለች። ፊልትሮው ሲደፈን እንዲህ ያደርጋል። አንዳንድ ጋራዥ በንፋስ ነፍቶ ይመልሰዋል። እኔ አልስማማም፤ በወረቀቱ ውስጥ የተቀረቀረው ደቃቅ ቆሻሻ በዚያ አይወጣም። የእኔ ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ስለሆነ በቀላሉ ይደረስበታል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ግን ታንከሩ ውስጥ ከፖምፓው ጋር ነው። የእርስዎ እንዲያ ከሆነ ወይም መኪናዎ አዲስ ዓይነት ናፍጣ ከሆነ ለመካኒክ ይተዉት።

ትልቁ ነገር ግፊቱ ነው። ካርቡራተር የሌላቸው የቤንዚን መኪኖች ቱቦ ውስጥ ነዳጁ 3 ባር ያህል ግፊት አለው፤ ይህ ከጎማ ንፋስ ይበልጣል። ሞተሩ ጠፍቶም ቶሎ አይለቅም። ብሎኑን ድንገት የፈታ ሰው ዓይኑ ላይ ይረጭበታል። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ የነዳጅ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የፖምፓውን ሶኬት ነቀልኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ጠፋ። ሁለት ሦስት ሰከንድ እንደገና ሞከርኩት፤ ከዚያ ቁልፉን አጥፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ያገኙትን ፊውዝ መንቀል ግን አይረዳም፤ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ግፊቱ እዚያው ይቀራል።

እንዲያም ሆኖ ትንሽ ይፈሳል። መነጽር አድርጌ፣ ከሥር ሳህን ደቅኜ፣ ብሎኑን በጨርቅ ሸፍኜ ቀስ ብዬ ፈታሁ። በአንድ ቁልፍ ፊልትሮውን ይዤ በሌላው ነው የማዞረው፤ አለዚያ የብረት ቱቦው ይጠማዘዛል። አዲሱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመለክታል። የመዳብ ሮንዴላዎቹም አዲስ መሆን አለባቸው። በጥቂት ብር ቁጠባ አሮጌውን የመለሰ ሰው በጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ መኪና ይነዳል።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ቤንዚን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥኩና ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ጀርባዬን ሳዞር የአራት ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ውሃ ጠማኝ» እያለች አንስታው ክዳኑን ስትታገል አየኋት። ሮጬ ቀማኋት፤ አለቀሰች። ቤንዚን ሲዋጥ ዋናው አደጋ ሳንባ መግባቱ ነው። የዋጠን ልጅ ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ያንኑ ያባብሳል፤ ሳያስመልሱ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣትን የለመዳችሁም ሳንባችሁን አስቡ።

ባትሪውን ከመመለሴ በፊት ጨርቆቹን ከግቢው ጥግ ዘርግቼ፣ የፈሰሰውን አሸዋ አልብሼ ሽታው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ሶኬቱንም ሰካሁ። የዱቄት እሳት ማጥፊያዬ አጠገቤ ነበር፤ ለቤንዚን እሳት ውሃ አይሆንም፣ እሳቱን ያንሳፍፈዋል። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጣ አስነሳች፤ እኔ በባትሪ መብራት ብሎኖቹን አየሁ። ደረቅ ናቸው። አጥፍተን፣ ደግመን አስነስተን እንደገና አየሁ።

ሰኞ ዳገቱን ያለ ችግር ወጣችው። የተረፈው ቤንዚን ቀይ የነዳጅ ጄሪካን ውስጥ ከነምልክቱ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ልጄ ግን እስካሁን ውሃዋን እንደቀማኋት ለአያቷ ትናገራለች።