ማመልከቻው ኩርሙክን ያውቃል?

«ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት…» በየኮምፒውተር ቤቱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማመልከቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀየርና ለባንኩም፣ ለጤና ጣቢያውም፣ ለማዕድን ኩባንያውም ይገባል። ጨዋነት አይጎድለውም። የጎደለው ፍሬ ነገር ነው፤ ቀጣሪው ከሲቪው የማያገኘውን አንድም ነገር አይነግረውም። ጉዳቱ ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በሱዳን ድንበር ላይ እንዳለችው እንደ ኩርሙክ ባለ ቦታ ይብሳል። አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ በዚያው አካባቢ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት ይዟል፤ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህም ብዙ ስደተኛ በኩርሙክ በኩል ስለገባ የእርዳታ ድርጅቶች እዚያ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሁለቱም ወገኖች ከነዋሪው ጋር የሚግባባ ሰው ይፈልጋሉ። ሲቪ ላይ «አረብኛ፦ በጣም ጥሩ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይከብድም። «በቀበሌያችን የክትባት ዘመቻ ሽማግሌዎቹን በበርታ ቋንቋ፣ ከሱዳን የመጡትን እናቶች በአረብኛ እያነጋገርኩ ቅጽ ሞልቻለሁ» የሚል ማመልከቻ ግን ማስረጃ ይዞ ቀርቧል፤ ጠያቂው የቀበሌውን ጤና ኬላ ጠይቆ ሊያረጋግጠው ይችላል።

«ዘመድ ከሌለህ ማመልከቻህ ቢያምር ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ተቃውሞ ከባዶ አልመጣም። ቦታው አስቀድሞ ለሰው ከተያዘ የትኛውም ደብዳቤ አያስለቅቀውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን የሚያወዳድረው በአብዛኛው በትምህርት ማስረጃ፣ በሥራ ልምድና በፈተና ስለሆነ እዚያ አጭር ማመልከቻ ይበቃል። ድርጅቶችና ኩባንያዎች ጋ ግን ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ሰው ተለይቶ የሚወጣው ከወረቀት ክምር ነው፤ ዲግሪውና ውጤቱ ተመሳሳይ በሆነበት ክምር ውስጥ የሚለየው እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ አንድ አንቀጽ ነው። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ብቃት ላላቸው ኢትዮጵያውያን በቅጥር ቅድሚያ እንዲሰጥ ይላል፤ ብቃቱን በወረቀት ያላሳየ አመልካች ይህን ቅድሚያ በምን ይጠይቃል? (ከኢንተርኔት የተገለበጠ የተጋነነ እንግሊዝኛም መፍትሔ አይደለም፤ ያው የኮምፒውተር ቤቱ ማመልከቻ ልብስ ቀይሮ መጣ ማለት ነው።)

ጥፋቱን ሁሉ አመልካቹ ላይ መጫን ግን አይገባም። «ዲግሪና 2 ዓመት የሥራ ልምድ» ብቻ የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ቀጣሪ የሚያገኘውም ያንኑ የተቀዳ ወረቀት ነው። ሥራው በየትኛው ወረዳ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሠራ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ቀጣሪው ማመልከቻውንም በአማርኛ ይቀበል።