ድንጋዩ ነጭ አልነበረም

ስለ ጥንታዊት ግሪክ ሥነ ጥበብና አርኪዮሎጂ “መግቢያ” ተብለው ከሚሸጡት መጻሕፍት አንዱን አንሥታችሁ ግለጡ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሐውልት ቆሟል፤ ዐይን አለው፣ ብሌን ግን የለውም። ገባ ስትሉ ደግሞ ሊቁ ስለ “ግሪኮች ተአምር” ይሰብካል። ውበት አንድ ቀን አቴና ላይ ከሰማይ ዱብ አለ፤ የቀረው ዓለም ፍርፋሪውን ይለቅማል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተማሪውም አርካይክ፣ ክላሲክ፣ ሄለኒስቲክ፣ ዶሪክ፣ አዮኒክ እያለ ይሸመድድና ፈተናውን ያልፋል። ለመሆኑ ምን ተማረ? መስገድን ተማረ እንጂ ማየትንስ አልተማረም!

እስቲ ከነጭነቱ እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የነጩን ድንጋይ አምልኮ ካስፋፉት አንዱና ዋናው ጀርመናዊው ዊንከልማን ነው። በ1764 የጥንቱን ሥነ ጥበብ ታሪክ ጽፎ አውሮፓን አስደነቀ። ሰውየው ግን የግሪክን ምድር በእግሩ ረግጦ አያውቅም! በአመዛኙ ያጠናው ሮም ውስጥ ያገኛቸውን፣ በሮማውያን ዘመን የተቀዱና ቀለማቸው የረገፈ ሐውልቶችን ነው። በ1886 አክሮፖሊስ ላይ ሲቆፈር፣ ፋርሶች ከተማይቱን በ480 ከክርስቶስ ልደት በፊት ካቃጠሉ በኋላ የተቀበሩ የልጃገረድ ሐውልቶች ወጡ። ቀሚሳቸው ላይ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ። ማስረጃው ከአፈር ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስብከቱ ግን አልተለወጠም። እንዲያውም በ1937 እና በ1938 የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኞች የፓርተኖንን ቅርጻ ቅርጽ ነጣ እንዲል ብለው በመዳብ መሣሪያና በሻካራ ድንጋይ ፋቁት። ታሪኩ ከእምነታቸው ጋር አልስማማ ሲል ድንጋዩን ላጡት ማለት ነው!

ተአምር አስተማሪ የለውም። ግሪኮች ግን አስተማሪ ነበራቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ግራ እግሩን ወደፊት ያስቀደመ፣ ክንዶቹን ወደ ጎኑ የሰደረ የወጣት ሐውልት አለ፤ ኩሮስ ይሉታል። ያ አቋቋም ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት ግብፅ ውስጥ ይታወቅ ነበር። የግሪክ ነጋዴዎች በሰባተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አባይ ወደ ባሕር ከሚፈስበት አካባቢ፣ ናውክራቲስ ላይ ሰፍረው ይነግዱ ነበር። አዩ፣ ለኩ፣ ቀሰሙ፤ ከዚያም የራሳቸውን መንገድ ቀየሱ። ይህ ያሳንሳቸዋል እንዴ? ኧረ ያስከብራቸዋል! የሚያሳንሳቸው፣ አባት የሌላቸው ይመስል ተአምር አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ደግሞስ የማን እጅ ነው የሠራው? መጽሐፉ ፔሪክለስንና ፊድያስን ጠርቶ ዝም ይላል። ድንጋዩ ግን ዝም አላለም። አክሮፖሊስ ላይ ያለው የኤሬክቴዮን የሥራ ሒሳብ ከ409 እስከ 407 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት ዓመታት በእብነ በረድ ተቀርጾ ተገኝቷል። ማንነታቸው ከታወቀው 86 ሠራተኞች ውስጥ 24ቱ ዜጎች፣ 42ቱ የዜግነት መብት የሌላቸው መጤዎች፣ 20ዎቹ ባሪያዎች ናቸው። የተለመደው የቀን ዋጋ አንድ ድራክማ ነው፤ የሕንጻው መሐንዲስም ቢሆን ከዚያ አይበልጥም። ባሪያው እኩል ጠረበ፣ እኩል ተጻፈለት፤ ድራክማው ግን በሕግ የጌታው ነበር። ፓርተኖንስ? የአጋር ከተሞች የጋራ ግምጃ ቤት በ454 ወደ አቴና ተዛወረ፤ ግንባታው በ447 ተጀመረ። ከላውሪዮን ጉድጓድ ብር ያወጡ የነበሩትም ባሪያዎች ናቸው። “የነጻነት ጥበብ” እያልን ስንዘምር፣ ይህን ሒሳብ ምነው ረሳነው?

አርኪዮሎጂውም ከዚህ አይሻልም። ሽሊማን ሆሜርን ፍለጋ ከ1870 እስከ 1873 ሂሳርሊክ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቦይ ቀደደ፤ “የፕሪያም ሀብት” ብሎም ወርቅ አወጣ። ወርቁ ሆሜር ከሚያወራው ጦርነት ከሺህ ዓመት በላይ የሚቀድም ሆኖ ተገኘ፤ የሚፈልገውን ዘመን ፍርስራሽ ግን በከፊል በራሱ አካፋ ዝቆ ጥሎታል። በ1972 ደግሞ አንድ የኒውዮርክ ሙዚየም ኤውፍሮንዮስ የሣለበትን የወይን ማሰሮ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከጣሊያን መቃብር የተዘረፈ ነበርና በ2008 ተመለሰ። ማሰሮው ተመለሰ፤ ከማን ራስጌ እንደተነሣ፣ አጠገቡ ምን እንደነበረ ግን አልተመለሰም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ከሥሩ የተነቀለ ዕቃ ያምራል እንጂ አይናገርም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ግሪክ በቱርክ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ሎርድ ኤልጂን የተባለው የእንግሊዝ አምባሳደር ሰዎቹን ልኮ ከ1801 ጀምሮ የፓርተኖንን ቅርጻ ቅርጽ አስነቀለ። በ1816 የእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ገዝቶ ብሪቲሽ ሙዚየም አስገባው። “ማስቀመጫ የላችሁም” ይባሉ የነበሩት ግሪኮች በ2009 ከአክሮፖሊስ ግርጌ ሙዚየማቸውን ከፈቱ። ታዲያ ምን መልስ ቀረ? እኛ ይህን ክርክር ከዳር ቆመን የምንሰማው አይደለም። በ1868 የመቅደላ ጦር ሲዘምት የዚሁ ሙዚየም ሰው አብሮ ዘምቶ ነበር፤ ከዚያ የተወሰዱ ታቦቶች ዛሬም እዚያው ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች፣ “እንግዲያው የግሪክ ጥበብ ምን ያደርግልናል? ይቅርብን!” ይሉ ይሆናል። ይህም ያው ስግደት ነው፤ ፊቱን አዙሮ እንጂ። አክሱማውያን ገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ጽፈዋል፤ ዒዛናም ድሉን ከግዕዙ ጎን በግሪክኛ አስቀርጿል። እነርሱ ቋንቋውን የሥራ መሣሪያ አደረጉት፤ አልሰገዱለትም፣ አልሸሹትምም።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ከነጩ ሐውልት አይጀምር። ከቀለሙ ይጀምር፤ ከጠራቢው የቀን ዋጋ ይጀምር፤ ዕቃው ከወጣበት ጉድጓድ ይጀምር። የግሪክን ድንጋይ እንዲህ ማንበብ የቻለ ተማሪ የላሊበላን ዓለት ሲያይም “ተአምር ነው” ብሎ አያልፍም፤ መሮውን የጨበጠው እጅ የማን ነበር ብሎ ይጠይቃል።