«የልጅ ወሬ ነው» ለምትሉን



ሀይሌ ጋርመንት የምንኖር እናውቀዋለን። እናት ገና ሳይነጋ ወደ አትክልት ገበያው ትወጣለች፤ ልጅ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ይተዋል። ክፉው ነገር የሚደርስበትም ብዙ ጊዜ ከታመነ ሰው ነው። ልጁ ለሥነ ልቦና ባለሙያ አፉን ሲከፍት ግን «የልጅ ወሬ ነው፣ የስሚ ስሚ ነው፣ በሽማግሌ ይለቅ» የሚል አይጠፋም። ይህን አንቀበልም!

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይታሰራል ይላል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ግን ማንም ባላየበት ጓዳ የተፈጸመ በምን ይረጋገጥ? ልደታ ያለው የሕፃናት ችሎት ልጁን ከተከሳሹ ለይቶ፣ በሌላ ክፍል በካሜራ ይሰማዋል። መልካም ነው። ሆኖም ቀጠሮው እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ታናናሾች ያሏችሁ ለአምስት ዓመት ልጅ ወር ስንት እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ወይ ይረሳል፣ ወይ ያስፈራሩታል። ስለዚህ ለባለሙያው የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ዳኛው ፊት ይድረስ እንላለን።

«በሸሪዓ የልጅ ምስክርነት አያልፍም» የሚሉን ወንድሞች አሉ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ያሉት ይህንኑ ነው። ኢማም ማሊክ ግን ልጆች እርስ በርስ በተጎዳዱበት ጉዳይ ቃላቸውን ተቀብለዋል፤ ሳይበታተኑና ሳይመከሩ እስከሆነ ድረስ። ጉዳዩ የተለየ ቢሆንም ምክንያቱ እዚህም ይሠራል፦ የልጅን ቃል የሚያበላሸው መሀል የሚገባው አዋቂ ነው። ኢብኑል ቀዪምም በይና ማለት ሐቅን የሚገልጥ ሁሉ እንጂ የምስክር ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ አስተምረዋል።

«ተከሳሹስ በሐሰት ቢከሰስ?» ይህ ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ጠያቂዎቹ መልሱን ለልጆቹ እየጠቆሙ ጠየቁ፤ ክሱ ዓመታት ፈጅቶ በ1990 እ.ኤ.አ. አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ። ስለዚህ ጥያቄውም መልሱም በቪዲዮ ይቀዳ፣ ባለሙያው ችሎት ቀርቦ በጠበቃ ይፈተን፣ ቃሉም ብቻውን ሰው አያሳስር። ይህን ለማለት ግን ቃሉን መጣል አያስፈልግም።

ወጣቶች፣ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁ አሥር ጊዜ አታስደጋግሙት። በራሱ አነጋገር ጻፉት፣ ቀኑንም ጻፉ። ሳታጥቡት፣ ልብሱንም ሳታጥቡ ጋንዲ ሆስፒታል ወዳለው የተቀናጀ አገልግሎት ማዕከል ውሰዱት። ሽማግሌ ከመጣባችሁ ቡና አጠጡና ሸኙ።