የጥንቱ ሰው «እህል ውሃ» አያውቅም

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በመውረድ ድብ ባሕር የደረሰ መንገደኛ፣ ቀና ብሎ ገደሉን ሲመለከት የጥንቱን ሰው ቆዳ ደርቦ በዋሻ አፍ እንደ ተቀመጠ ቢያስበው አያስደንቅም። ይህን ሥዕል የዘራብን ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ልብ ወለድ ነው። በፈረንሳይኛ የጻፈው ሮኒ «የእሳት ጦርነት»ን እ.ኤ.አ. በ1911 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ አሜሪካዊቷ ጂን አውል በ1980 «የዋሻው ድብ ጎሳ»ን ስታሳትም፣ መቼታቸው ብርድና ዋሻ የበዛበት ሩቅ ሰሜን ነበር። (ድብ ባሕር ከስሙ በቀር ድብ የለበትም።)

የእኛ ማስረጃ ሌላ ነው። ከእነዚህ ደጋዎች በስተምዕራብ፣ በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2024 በ«ኔቸር» መጽሔት የተገለጸው ሰፈር 74,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሰዎቹ ሜዳ ላይ ኖረዋል፤ ዓሣ አጥምደዋል፤ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ትተዋል። ከድንጋይ የሠሯቸው ትናንሽ ሹል መሣሪያዎችም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አልቀሩም ተብሏል።

ታሪካዊ ልብ ወለዳችን ግን ከነገሥታቱ ዘመን ብዙም አይርቅም፤ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ም ሆነ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» የሚያወሱት ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። ምክንያቱ የፍላጎት ማጣት ብቻ አይመስለኝም፤ ቋንቋውም ያስቸግራል። አማርኛ የገበሬ ቋንቋ ነው። ትዳርን «እህል ውሃ»፣ ወገንን «ዘር»፣ የጋራ ሸክምን «ቀንበር» ይላል። እኔም ከላይ «የዘራብን» ብያለሁ። ታዲያ እርሻ ከመጀመሩ ከ60,000 ዓመት በፊት የኖረች ሴት ስለ ባሏ በምን ቃል ታስብ? በግእዝ ቃላት ማስጌጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ከሽንፋ አንጻር አክሱምም የትናንት ናት።

ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው «ወራሾቹ» የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ አብዛኛውን ትረካ ገጸ ባሕርዩ በዓይኑ ከሚያየው አያሳልፍም። ቀስት ሲወረወርበት እንኳ ምንነቱ አይገባውም። ለዚህ ዓይነቱ ትረካ አማርኛ ድሃ አይደለም፤ «ቦግ አለ»፣ «ጭው አለ»፣ «ሸርተት አለ» የሚሉት ግሦች ሞፈርም ደብርም አያሻቸውም። ድምፅና እንቅስቃሴን እንዳሉ ያቀርባሉ። ስለ እነዚህ ግሦች የትረካ ፋይዳ የሚጠና የመመረቂያ ጽሑፍ ብመለከት ደስ ባለኝ።

በጎልዲንግ መጽሐፍ ቀስቱን የማያውቀው ገጸ ባሕርይ ኒያንደርታል ነው። በሽንፋ ዳር ግን ቀስቱን የያዙት ሳይሆኑ አይቀሩም የእኛ ሰዎች። በዚያው አፈር ውስጥ በሱማትራ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ ደቃቅ የብርጭቆ ብናኞች ተገኝተዋል። አጥኚው ይህን ያውቃል፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን የሚያውቁት በጋው መክፋቱን፣ ወንዙ ወደ ኩሬ መቆራረጡንና ዓሣው በኩሬው ውስጥ ለመያዝ መቅለሉን ነው። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምዕራፍ መጀመር ያለበት ከዚያ ኩሬ ነው፤ ስለ ቶባ አንዲት ቃል ሳይነገር።