ለዘማች የሚከፈል ዕዳ

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘመተ። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 ከሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ይህን ሁላችን በኩራት እንናገራለን። ከተመለሱ በኋላ ስለ ሆነው ግን ዝም እንላለን። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ስለ ተወዳጀ ያ ዘመቻ የማይነሣ ነገር ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ ሠራዊት ሲበተን፥ ታዝዞ የዘመተው ብዙ ወታደር ከነክራንቹ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀመጠ። እንግዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የወታደሩ ውለታ አብሮ የሚሻር ከሆነ ነገ ማን ይዘምታል?

ለኮርያ ዘማቾች የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ከደቡብ ኮርያ ሲመጣ አይተናል። እናመሰግናለን፤ ደግሞም እናፍራለን።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ለሟቹ ሚስት ከአበሉ እኩሌታውን፥ ለእያንዳንዱ ልጅ ከመቶ 20 መድቦ ነበር። በወረቀት ላይ መልካም ነው። የተራ ወታደር አበል ግን ከመነሻው ትንሽ ነው፤ የትንሽ እኩሌታ ደግሞ ለጤፍ አይበቃም። ያውም የጋብቻ ማስረጃ አምጪ፥ ፎቶግራፍ ጨምሪ፥ ነገ ተመለሺ ከተባለች በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነትም አዲስ መበለቶች ተጨምረዋል።

ስለዚህ አበሉ ኑሮ በተወደደ ቁጥር በሕግ እንዲታደስ፥ የመበለቶችንም ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከታተል አንድ ኀላፊ እንዲመደብ እንጠይቃለን። እኛስ? የሕግ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ያለ ክፍያ ቢጽፉላቸው ምን ይጎድልብናል? ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።